ሊፍቱ ሲወዛወዝ መጀመሪያ ወለሉን ተመልከት

ሰላም ወንድሜ። ሜሪላንድ በገዛኸው ቤት ጋራዥ ውስጥ ባለ ሁለት ምሰሶ የመኪና ማንሻ ሊፍት እንደተከልክ፣ መኪናዋን አንስተህ የጠበቀ ብሎን ስትፈታ ግን ምሰሶዎቹ እንደሚወዛወዙ ጽፈሃል። «ይህ ያሰጋል ወይ?» ላልከው፣ ብዙ ዓመት በመካኒክነት ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ።

የምሰሶው ጫፍ መጠነኛ መወዛወዝ ቢያሳይ አያስደነግጥም። የሚያስፈራው የእግሩ መንቀሳቀስ ነው። ጎማዎቹ ከመሬት አንድ ስንዝር እስኪለቁ ብቻ አንሳና ሌላ ሰው መኪናዋን በእጁ ቀስ አድርጎ ይነቅንቃት። አንተ ራቅ ብለህ፣ የምሰሶው መቀመጫ ብረት ከኮንክሪቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር በባትሪ አብርተህ ተመልከት። ፀጉር የምታህል ክፍተት ከተከፈተች ወይም ምሰሶውን ከወለሉ ጋር ባሰረው ብሎን ዙሪያ ነጭ ዱቄት ከወጣ፣ ወዲያው አውርዳትና እስኪስተካከል ድረስ በሊፍቱ አትጠቀም።

በቤት ጋራዥ ውስጥ ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ወለሉ ላይ ነው። ከ9,000 እስከ 10,000 ፓውንድ የሚያነሱ የተለመዱ ሊፍቶች አብዛኛዎቹ ቢያንስ 4 ኢንች ውፍረትና 3,000 ፒኤስአይ (በአንድ ካሬ ኢንች ላይ የሚያርፍ ፓውንድ) ጥንካሬ ያለው ኮንክሪት ይፈልጋሉ፤ ለአንተ የሚሠራው ቁጥር ግን የራሱ የሊፍቱ መመሪያ ላይ የተጻፈው ነው። 4 ኢንች የተባለ ወለል አንዱ ጥግ ላይ ሳስቶ ሊገኝ ስለሚችል በግምት አትሂድ። ከምሰሶው ፈንጠር ብለህ ወለሉን እስከ ታች ብሳው፤ ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብተህ የኮንክሪቱን ሥር እስኪይዝ ሳብና ለካ። ምድር ቤት ባላቸው ቤቶች ደግሞ በመሠረቱ ግድግዳ አጠገብ የተሞላው አፈር በጊዜ ብዛት ይሰምጥና ከኮንክሪቱ ሥር ባዶ ቦታ ይተዋል። በመዶሻ ስትመታው እንደ ከበሮ ካስተጋባ እዚያ ላይ ምንም አትትከል። ወለሉ ካልበቃ ቆርጦ ማውጣት፣ በመመሪያው ልክ ወፍራም ኮንክሪት መሙላትና 28 ቀን መጠበቅ ነው። ወጪው ያማል፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም።

ቴክሳስ ያላችሁም አንብቡ፦ እዚያ ወለላቸው ውስጥ የተወጠረ የብረት ገመድ ያለባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። መብሻ ገመዱን ከነካ ከባድ አደጋ ስለሚያስከትል ያለ ባለሙያ አትብሱ።

ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ በአየር ነፍተህ አጽዳ፤ ውስጡ የቀረ ዱቄት አያያዙን ያላላዋል። ስታጠብቅ ዳዶው መመሪያው ያዘዘው ጉልበት ላይ ሳይደርስ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ኮንክሪቱ እየለቀቀ ነው። የጋራዥ ወለል ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ስለሚያዘነብል ምሰሶውን በቱንቢ አቁመው፤ ከሥሩም ለዚሁ የተሠራ ስስ ብረት አስገባ። እንጨት በፍጹም እንዳታስገባ።

ወለሉ ደህና ሆኖም መኪና ሊወድቅ ይችላል። ክንዶቹ መኪናዋን የሚይዙት ፋብሪካው ባመለከተው ቦታ ላይ ብቻ ነው። ሞተር ወይም ካምቢዮ ስታወርድ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የፒክአፕ የኋላ አክስል ስታወርድ ደግሞ መኪናው በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። ስለዚህ ከባድ ነገር ከመፍታትህ በፊት ሊደፋ በሚችልበት ጫፍ ረጅም መደገፊያ አቁም። ከፍታው ላይ ስትደርስም ሊፍቱን መቆለፊያው ላይ አሳርፈው፤ በዘይት ግፊት ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይገባም።

የሁለቱንም ምሰሶዎች መቀመጫ በቅርበት ፎቶ አንስተህ ከሊፍቱ ሞዴል ጋር ላክልኝ፤ አይቼ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ከሥሯ አትግባ።