ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቆመው አረፋ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

በፀሐይ ጉልበት ከውሃ ሃይድሮጅን ለማውጣት መነሣታችሁን ስሰማ ልቤ ሞላ። ጎንደር በበጋ ፀሐይ አይቸግራትም፤ ሲቸግራት የኖረው ውሃ ነው። ለዚህ ሥራ ግን ውሃውም ብዙ አይደለም፤ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን የሚያስፈልገው 9 ሊትር ያህል ነው፣ ግማሽ ጀሪካን አይሞላም።

ከዓመታት በፊት እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ፕላቲነም ከአቅማችን በላይ ስለነበር ርካሽ ካታሊስት፣ ማለትም ሥራውን የሚያፋጥን ነገር፣ ስንፈልግ፣ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኃይለኛ አልካሊ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ የነከርነው አንዱ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ ውሃው የሚያስገባው ዘንግ) አረፋውን ይተፋው ጀመር። ልጆቹ እልል አሉ። እኔም አብሬ ተደሰትሁ። ማታ የፀሐይ ፓነሉን ነቅዬ ልወጣ ስል ግን አረፋው አልቆመም። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ሽቦው ተነቅሏል፣ እሱ ይፈላል! ለካ ኤሌክትሮዱን ያሰርንበት ሽቦ አልሙኒየም ኖሯል። አልሙኒየም እንዲያ ባለ ፈሳሽ ውስጥ ራሱ እየተበላ ሃይድሮጅን ይለቃል። ጠዋት ሽቦው ሳስቶ አገኘሁት። ልጆቹን ሰብስቤ ያልኋቸውን ሁሉ መልሼ አነሣሁ፤ ከባድ ጠዋት ነበር።

ስለዚህ ሙከራውን ፓነሉ ተነቅሎ በጨለማም ድገሙት። ሃይድሮጅኑን ብቻ ሳይሆን ኦክስጅኑንም ለኩ፤ ውሃ በእርግጥ ከተሰነጠቀ ሃይድሮጅኑ በይዘት የኦክስጅኑን እጥፍ፣ 2 ለ1፣ ሆኖ መምጣት አለበት። ኤሌክትሮዱን ከሥራው በፊትና በኋላ መዝኑት። ካታሊስት ሥራውን ያቀላል እንጂ አይበላም።

ባዕድ ነገር ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። በኒኬል ኤሌክትሮድ ኦክስጅን ሲያወጡ የነበሩ ተመራማሪዎች በፈሳሹ ውስጥ የተገኘች ጥቂት ብረት ሥራውን በእጅጉ እንደምታቀል አስተዋሉ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ይህን በግልጽ አሳየ። ዛሬ ኒኬልና ብረት ተዋህደው ከርካሾቹ ካታሊስቶች ምርጦቹ መካከል ናቸው። እንደ ቆሻሻ ቢታለፍ ኖሮ ይህ ባልታወቀም ነበር። ስለዚህ ኬሚካሉ ከየትኛው ጠርሙስ እንደተቀዳ ሳይቀር ጻፉ።

አንድ ነገር አደራ፦ የከሰል ምድጃ ባለበት ወይም በተዘጋ ክፍል አትሞክሩት። ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል።

ውጤታችሁን ስትልኩልኝ ከሁሉ በፊት በጨለማ የለካችሁትን የጋዝ መጠን ጻፉልኝ።