ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ስለ ትንፋሽ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት «ውሃ ውስጥ ረጅም ለመቆየት ቀድሜ ቶሎ ቶሎ ብተነፍስ ይረዳኛል?» ሲል ጠየቀኝ። ዛሬም የሚቆጨኝን የአንድ ልጅ ሞት ቀሰቀሰብኝ።

ልጁ ጎበዝ ዋናተኛ ነበር። ቀና ሳይል ገንዳውን ደርሶ ለመመለስ ከጓደኞቹ ጋር ተወራረደ። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ አንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ሳበ፣ በኃይል አስወጣ። ኦክስጅን ያጠራቀመ መስሎት ነው። የጤነኛ ሰው ሂሞግሎቢን (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) ግን በተራ ትንፋሽም ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ስለያዘ የሚጨመርለት ኢምንት ነው። የሚቀንሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው፤ በደም ውስጥ የዚህ ጋዝ ግፊት ከ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወደ 20 ሊወርድ ይችላል። ጣት የሚነዝረውና ራስ የሚያዞረውም ለዚህ ነው። ብዙዎች ግን «ሞላልኝ» ይላሉ።

«ተንፍስ» እያለ ድያፍራምን፣ ከሳንባ በታች ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያዘው የአንጎል ግንድ በዋናነት የሚከታተለው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነው፤ ኦክስጅን ማነሱን የሚያስተውለው በጣም ከወረደ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁን አየር አላማረውም። ጡንቻዎቹ ኦክስጅኑን ጨረሱት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ገና አልሞላም፤ ሳይጨንቀው ራሱን ሳተ። አልተንፈራገጠም። ጓደኞቹ ሊያሸንፍ ነው ብለው ያጨበጭቡ ነበር።

ሲያወጡት አንዱ ሆዱን ተጫነ፣ ሌላው እግሩን ይዞ ዘቀዘቀው። ሆድ ሲጫኑት በጨጓራ ያለው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ልጁ የሚያስፈልገው አየር ነበር። የማይተነፍስን ሰው በጀርባው አስተኙት፤ ግንባሩን ወደ ኋላ፣ አገጩን ወደ ላይ አድርጉ። አፍንጫውን ይዛችሁ 5 ጊዜ፣ እያንዳንዱን 1 ሰከንድ ያህል፣ በአፉ ንፉለት። ደረቱ ከፍ ካላለ አገጩን እንደገና አስተካክሉ። ካልነቃ ደረቱ መሃል ላይ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እያሰመጣችሁ 30 ጊዜ ተጫኑ፣ 2 ጊዜ ንፉ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። አምቡላንስ እስኪደርስ አታቋርጡ።

የዛሬ ልጆች የአተነፋፈስ ልምምድ ከቪዲዮ ትማራላችሁ። ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጦ በዝግታ መተንፈስን አልነቅፍም፣ እንዲያውም እወደዋለሁ። በፍጥነት የሚተነፈሰውን ግን ውሃ አጠገብ አታድርጉት። ከመግባታችሁ በፊት እንደወትሮው ተንፍሳችሁ አንዴ ብቻ በደንብ ሳቡ፤ አየር ሲያምራችሁ ወዲያው ውጡ። አንዱ ሲገባ ሌላው ዓይኑን ከእሱ ሳይነቅል ከላይ ይጠብቅ።

ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አፋቸው ውስጥ ከተው የሚጠልቁም አሉ። ከምንስበው 500 ሚሊ ሊትር 150 ያህሉ የአየር ቧንቧ ውስጥ ቀርቶ የሳንባ የአየር ከረጢቶች ዘንድ አይደርስም። ቱቦው ሲረዝም ይህ ብክነት ይጨምራል፤ ያስወጣችሁትን መልሳችሁ ትስባላችሁ። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ የውሃው ክብደት ደረትን ስለሚጫን የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሊከፍቱት አይችሉም።