«ገላግሉኝ» ለሚላችሁ በሽተኛ

ልጆቼ፣

ጋዋን ለብሳችሁ ዋርድ መግባት ለጀመራችሁም፣ ገና በትምህርት ላይ ላላችሁም፣ የጤና ባለሙያ ሳትሆኑ በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቻችሁ ጋር ለምትከራከሩም ነው የምጽፈው። ነርስ ነኝ። ዛሬ ጡረታ ብወጣም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሽተኛ አልጋ አጠገብ ነው፤ አብዛኛውን ደግሞ የካንሰር ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል። ለሥልጠና በተጠራሁበት ሁሉ ከወጣቶች የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። የማይድን ሰው ሥቃይ በዝቶበት «ግደሉኝ» ብሎ ቢለምን፣ ልመናውን መስማት ርኅራኄ ነው ወይስ ግድያ?

አቋሜን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የሐኪምም የነርስም እጅ ነፍስ ለማጥፋት መነሣት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ነፍስን የሰጠ እሱ ይውሰድ። ግን «ሕይወት ክቡር ነው» ብሎ ከአልጋው ዞር ማለት አይቻልም። ይህን የተናገረ ሰው ያንን በሽተኛ የማስታመም ዕዳ ገብቷል። ብዙዎቻችን፣ የሃይማኖት ሰዎችም ጭምር፣ ቃሉን እንናገርና ዕዳውን እንረሳለን። የዛሬው ምክሬ ሁሉ ስለዚህ ዕዳ ነው።

ጉዳዩ በሌላው ዓለም የት እንደደረሰ ማወቅ ይጠቅማችኋል። ኔዘርላንድስና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ፣ በሽተኛው ከጠየቀና የተቀመጡት መስፈርቶች ከተሟሉ፣ ሐኪም ሕይወቱን እንዲያቋርጥለት ፈቅደዋል። ካናዳ በ2016፣ ስፔን በ2021 ተከትለዋል። በአሜሪካዋ ኦሪገን ከ1997 ወዲህ ሐኪሙ መድኃኒቱን ያዝዛል፣ የሚወስደው ግን በሽተኛው ራሱ ነው። በእኛ አገር የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መግደልን ብቻ ሳይሆን፣ ሌላው ራሱን እንዲያጠፋ መገፋፋትንና መርዳትንም ይቀጣል። ስለዚህ ክርክሩ ከእኛ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ክርክሩን የሚወልደው ሥቃይ ግን በየዋርዱ አለ።

በቅድሚያ የሚምታቱ ነገሮችን ለዩ። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የዘመድ ልጅ በሌሊት ደውሎልኝ ነበር። አባቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በማሽን ይተነፍሳሉ። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለ ነግረውት ቤተሰቡ ይወስን ብለዋል። «አክስቴ፣ ማሽኑ ይነሣ ካልኩ አባቴን ገደልኩት ማለት ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አይደለም አልኩት። አባትህን የሚወስደው በሽታው ነው፤ ማሽኑ እያዳናቸው ሳይሆን ጣራቸውን እያስረዘመ ከሆነ ማንሣቱ ኃጢአት አይሆንብህም። አጠገባቸው ሁን፣ ሥቃይ እንዳይኖር ማስታገሻ እንዲሰጧቸው ጠይቅ፣ ካህን ጥራ።

ይህን ከራሴ አመንጭቼ አልነገርኩትም። የሮማው ፓፓ ፒየስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1957 ለሐኪሞች ሲናገሩ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሕክምናን መግፋት ግዴታ እንዳልሆነ አስረድተዋል። ሥቃይን ለማስታገስ ብቻ ታስቦ የሚሰጥ መድኃኒትም ዕድሜን ሊያሳጥር ቢችል እንኳ የተፈቀደ ነው ብለዋል። እስራኤል በ2005 ባወጣችው ሕግ ደግሞ የሚሠራን የመተንፈሻ ማሽን ማጥፋት ተከልክሏል፤ ማሽኑ ሰዓት ቆጣሪ ተገጥሞለት ሰዓቱ ሲሞላ እንዳይታደስ ማድረግ ግን ይቻላል። መንገዳቸው ከእኛ ይለያል፤ ነገር ግን ለነፍስ ክብር የሚቆረቆሩ ሰዎች ምን ያህል ተጨንቀው ድንበሩን እንደፈለጉ ታዩበታላችሁ። መግደል አንድ ነገር ነው፣ የማይጠቅም ሕክምናን መተው ሌላ፣ ሥቃይን ማስታገስ ደግሞ ሌላ። ሦስቱን አንድ አድርጎ «ነፍስ ማጥፋት ነው» የሚል ሰው፣ ሳያውቀው በሽተኛውን ለሥቃይ አሳልፎ ይሰጣል።

አሁን ወደ አልጋው እንምጣ። በጡት ካንሰር የሚሠቃዩ አንዲት እናት ነበሩ። ዕጢው ፈንድቶ ትልቅ ቁስል ሆኗል። ተረኛ በነበርኩበት ሌሊት እጄን ይዘው «ሲስተርዬ፣ አንዲት መርፌ ውጊኝና ገላግዪኝ» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ከሁሉ የባሰባቸው ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሕመሙን ይጠራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «ልጆቼ በር ላይ ቆመው ነው የሚያዩኝ» አሉ። ነገሩ ሽታው ነበር። ጠያቂ ሲመጣ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ያደርጋል፤ የጎን አልጋ በሽተኛ ክፍል ቀይሩልኝ ይላል፤ እሳቸው ይህን ሁሉ እያዩ ነው የሚውሉት።

ቁስሉን በየቀኑ በሳላይን (በተመጠነ የጨው ውሃ) አጠብን። ፍላጅል ኪኒን አድቅቀን ላዩ ላይ በተንን፣ በንጹሕ ጎዝ ሸፈንን። ኃይለኛውን የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊኑን፣ «ሲያማቸው ይሰጣቸው» ከሚለው ትእዛዝ አውጥተን በየአራት ሰዓቱ አደረግነው፤ ሆዳቸው እንዳይደርቅም ማለስለሻ ጨመርን። በጥቂት ቀናት ሽታው ጠፋ። አንድ ከሰዓት ስገባ ትልቋ ልጃቸው አልጋው ላይ ወጥታ ፀጉራቸውን ቅቤ እየቀባች አገኘኋት። ስለ መርፌው ዳግም አላነሡብኝም። የሞቱት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ልጆቻቸው ከበዋቸው ነበር። ፍላጅል በየፋርማሲው የሚገኝ ርካሽ ኪኒን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳውንደርስ፣ መጀመሪያ ነርስ በኋላም ሐኪም የሆነች፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን (የማይድኑ ሕሙማንን ማስታመሚያ ቤት) ስትከፍት ያስተማረችው ይህንኑ ነው። የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የልብም፣ የቤተሰብም፣ የነፍስም ነው። የኦሪገንን ዓመታዊ ሪፖርት ብታዩ፣ ለሞት የሚሆነውን መድኃኒት የጠየቁ ሰዎች በብዛት የሚጠቅሱት ራስን ችሎ መኖር ማቃትን፣ የሚወዱትን ነገር ማድረግ አለመቻልንና ክብርን ማጣትን ነው፤ ሥቃይ ከእነዚህ በታች ይመጣል። ስለዚህ «ግደሉኝ» ሲላችሁ አትደንግጡ፣ አትገሥጹት፣ «እንዲህ አይባልም፣ ኃጢአት ነው» ብላችሁም አፉን አታዘጉት። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡና ምን እንደከበደው ጠይቁት።

ኤልያስን አስታውሱ። ከክትክታው ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ያለ ነቢይ ነው። መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ አቀረበለት፤ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ከሙስሊም ሕሙማኖቼም የሰማሁት ነቢያዊ ትምህርት አለ። መከራ ስለደረሰበት ማንም ሞትን አይመኝ፤ የግድ ካለ ግን «መኖር የሚሻለኝ እስከሆነ አኑረኝ፣ ሞት የሚሻለኝ ሲሆን ውሰደኝ» ይበል። ሁለቱም የሰውየውን ምሬት አልናቁትም።

ስለ ሞርፊን ጠንከር ብዬ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ማስታገሻ ደረጃዎችን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ለከባድ ሕመም ከተቀመጡት መድኃኒቶች ዋናው ሞርፊን ነው። እስከዛሬ ግን «ሱስ ያስይዘዋል» የሚል ሐኪም፣ «ሞርፊን ተጀመረለት ማለት አበቃለት» የሚል አስታማሚ፣ መድኃኒቱን ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የሚሄድ ክፍል ሞልቷል። በትክክለኛው መጠን ተጀምሮ በጥንቃቄ ከፍ የሚደረግ ሞርፊን በሽተኛን አይገድልም፤ እንቅልፍ ይሰጠዋል፣ ከልጆቹ ጋር ያነጋግረዋል። ዩጋንዳ እኮ ሀብታም አገር አይደለችም። ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 በመሠረተችው ሆስፒስ የሞርፊን ዱቄት በውሃ እየተበጠበጠ በጠርሙስ ለበሽተኛው ቤት ይላካል፤ ከ2004 ጀምሮ ደግሞ የሠለጠኑ ነርሶች ራሳቸው እንዲያዝዙ ሕጉ ፈቅዶላቸዋል። እኛም ዘንድ ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረ ያስታምማል። ስለ ዩታኔዥያ (በሽተኛው ጠይቆ ሐኪም ሕይወቱን ስለሚያቋርጥበት ሞት) ለመከራከር የምታውሉትን ጊዜ ግማሹን፣ በየጤና ጣቢያው ሞርፊን እንዲገኝ ለመጮህ አውሉት።

የሚያስፈራኝ ነገር አለ። በእኛ አገር ብዙ ታማሚ የሚታከመው በቤተሰቡ ኪስ ነው። ከገጠር የመጣች እናት ልጇን «በሬውን እንዳትሸጥ፣ እኔን ተወኝ» ስትል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። መሞት እንደ መብት በተፈቀደበት አገር ይህች እናት ብትኖር፣ ነገ ፎርሙን የምትፈርመው ሞት ፈልጋ ነው ወይስ በሬው እንዳይሸጥ? ሸክም ላለመሆን የተጠየቀ ሞት ፈቃድ ነው ብዬ ልቀበል አልችልም። ሕጉም በጀመረበት ላይ አይቆምም፤ የካናዳው በ2016 ሲወጣ ሞቱ ለቀረበ ሰው ብቻ ነበር፣ በ2021 ሞቱ ላልቀረበም ተከፈተ።

ቢሆንም የሌላውን ወገን ከባዱን ጉዳይ አትሽሹት። ቶኒ ኒክሊንሰን የሚባል እንግሊዛዊ በ2005 በስትሮክ መላ ሰውነቱ ሽባ ሆነ፤ አእምሮው ሙሉ ነው፣ አንደበቱ ግን ተዘጋ። በዓይኑ ምልክት ፊደል እየመረጠ፣ ሐኪም ሕይወቱን እንዲያቋርጥለት ፍርድ ቤት ጠየቀ። በኦገስት 2012 ተከለከለ፤ ምግብ አልቀበልም ብሎ ሳምንት ሳይሞላ አረፈ። ፍላጅልና ሞርፊን ለእሱ መልስ አይሆኑም። እኔም እሱን የሚያጽናና ቃል የለኝም፤ የያዝኩት አቋም እሱን ዋጋ እንዳስከፈለው አውቄ ነው የያዝኩት። ይህን ሳያምን ስለ ሕይወት ክብር የሚሰብክ ሰው አይመቸኝም።

በመጨረሻ በየቀኑ ስለሚገጥማችሁ ነገር። ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ያዝ ያደርጋችሁና «ለእሷ እንዳትነግሯት» ይላል። ከፍቅር ነው፤ አትቆጧቸው። ግን ስለ ራሱ በሽታ ያልተነገረው ሰው ምን ሊመርጥ ይችላል? ከሞቱ አሟሟቱ እያልን፣ ሰውየው አሟሟቱን እንዳያሰናዳ እኛው እንከለክለዋለን። ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ራሱን ጠይቁት፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ካልፈለጉስ ለማን እንንገር?» አንዱ ለልጄ ንገሩ ይላል። አንዱ ሁሉንም ንገሩኝ ይልና የነፍስ አባቱን ያስጠራል፣ ኑዛዜ ያስጽፋል፣ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ይታረቃል። ብዙው ደግሞ አገሬ ልግባ ይላል። ያን ጊዜ እንዲሁ አታሰናብቱት። ለመንገዱና ለሰንበቻው የሚሆን ማስታገሻ ይዘዝለት። አስታማሚው በሚገባው ቋንቋ የአሰጣጡን ሰዓት ጻፉለት፣ ማንበብ ካልቻለ ፀሐይና ጨረቃ ሥላችሁ አሳዩት። ቁስል አጠባውን እጁን ይዛችሁ አለማምዱት። ስልክ ቁጥራችሁን ስጡት፤ ሲደውልም አንሡ።