መድኃኒቱን ካልጣላችሁ ጸበሉ አይሠራም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ከደሴ ነው የምጽፍልዎ። የእኅቴ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት። እንክብል ጀምሮ ደህና ሆኖ ነበር። ጸበል ስንወስደው አንድ ሰው «ይሄ ጋኔን ነው፣ መድኃኒቱን ካልጣላችሁ አይወጣም» አሉንና አስቆምነው። አሁን ብሶበታል። ዩኒቨርሲቲ የገባው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ «ሁሉም የአንጎል ኤሌክትሪክ ነው፣ ነፍስ የሚባል ነገር የለም» እያለ እናቱን ያስለቅሳታል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቸኳዩን ላስቀድም። ልጁን ዛሬውኑ ወደ ሐኪሙ መልሱት። ይሄ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ፣ ሳያባራ ቀጥሎም ሊገድል ይችላል። ጸበሉን ተዉ አላልኩም። ጾሙን፣ ጸሎቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም።

አሁን ወደ ነገሩ። እኝያ ሰውና ተማሪው የተጣሉ ይመስላል። አልተጣሉም። ሁለቱም ሐኪም የሕመሙን ምክንያት ካወቀው እግዚአብሔር ከዚያ ወጥቷል ብለው ነው የሚያስቡት። አንደኛው እግዚአብሔርን ላለማጣት እንክብሉን ይጥላል፣ ሌላው እንክብሉን አይቶ እግዚአብሔርን ይጥላል። ይሄን ስህተት ከደሴ እስከ ወልዲያ ስንት ቤት አግኝቼዋለሁ መሰለሽ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጋ።

አዲስ ነገርም አይደለም። ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ገደማ በፊት ግሪኮች ይሄን ሕመም «ቅዱስ በሽታ» ይሉት ነበር። በግሪኩ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከሚጠሩት ጽሑፎች አንዱ ግን ከሌላው በሽታ የተለየ ቅድስና የለውም፣ መነሻው አንጎል ነው አለ። ሁሉም አልተቀበለውም። ያ ሁሉ የሚያደንቀው ፈላስፋ አርስቶትል እንኳ «የሚያስበው ልብ ነው፣ አንጎል ማቀዝቀዣ ነው» ባይ ነበር። በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ደግሞ የሶርያዋ ኤሜሳ ጳጳስ ኔሜስዮስ ስለ ሰው ተፈጥሮ ሲጽፍ ምናብን ለአንጎል ፊተኛ ክፍል፣ ማሰብን ለመካከሉ፣ ማስታወስን ለኋለኛው ሰጠ። አከፋፈሉን የዛሬ ሳይንስ አይቀበለውም። ግን ልብ በይ፣ ሰውየው ጳጳስ ነው! አንጎልን የነፍስ መሣሪያ ብሎ ሲጽፍ እምነቱ አልተናጋም።

ለተማሪው ይሄን ንገሪልኝ። የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የመዘገበው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው፣ በ1924 እ.ኤ.አ.፤ ያሳተመው በ1929። ወጣት ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ ለጥቂት ከሞት ይተርፋል። በዚያው ቀን ሩቅ ያለች እኅቱ ክፉ ነገር ታወቀኝ ብላ ቴሌግራም አስላከች። ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው እንዴት ይሄዳል ብሎ ነው ፍለጋ የገባው። እሱን አላገኘም፤ ያገኘው ዛሬ ይሄን ሕመም ለመለየት የሚረዳውን ኢኢጂ የሚባል ምርመራ ነው። ማሽኑ መስመር ብቻ ነው የሚያወጣው። መስመሩን አይቶ ነፍስ የለችም ብሎ የፈረደው ወንድምየው ነው። ቤተ ክርስቲያን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት (የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች) ናት ስትል የራስ ቅል ውስጥ ቦታ ለክታላት አይደለም።

ጋኔን የለም እያልኩም አይደለም። ማቴዎስ 17 ላይ ጌታ የሚጥለውን ልጅ የፈወሰው ጋኔኑን ገሥጾ ነው። ይህችን ጥቅስ ሁሉም ያውቃታል። ማቴዎስ 4፥24ን ግን ማን ያነባል? «አጋንንትም ያደረባቸውን በጨረቃም የሚነሣባቸውን» ብሎ ለይቶ ነው የቆጠራቸው። በጨረቃ የሚነሣባቸው የተባሉት ይሄው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ናቸው። ወንጌላዊው የለየውን እኛ ምን ቆርጦን እንደባልቃለን? ሲራክ 38ም መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

የሚያናድደኝን ልጨምር። ግሸን ለንግሥ ተወጥቶ ሰው ሲወድቅ ለሃጩ ይጋባል ተብሎ ዙሪያው ይሸሻል። አንዱ ደግሞ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያጤሳል። አይጋባም! ክብሪቱም ምንም አይረዳም። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ነጠላ አድርጉለት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት አድርሱት። ምድጃ ዳር ብቻውን አይቀመጥ። የማቴዎስ 17ቱ ልጅ አባት «ብዙ ጊዜ በእሳት ብዙ ጊዜም በውኃ ይወድቃልና» ያለው እኮ ይሄንኑ እያየ ነው።

እናቱን «በኃጢአትሽ ነው» የሚላት ካለ እኔ ጋ ላኪው። የልጁንም የክርስትና ስም ጻፊልኝ፣ በጸሎት እናስበዋለን።