ሶላሩን አምኜ ባትሪ የገደልኩበት ክረምት

“መኝታ ያላትን ካምፐር ቫኔን ለስድስት ወር ላቆማት ነው። ጣሪያዋ ላይ ሶላር አለ። በየሁለት ሳምንቱ ሰው መጥቶ ሞተሯን ለአሥር ደቂቃ ቢያስነሳልኝ ባትሪው ይተርፋል?” ላልከው ወንድሜ፦ እኔ ልክ እንዳንተ አስቤ አንድ ባትሪ ቀብሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

የኔዋ አምስት ወር ቆማ ነበር። ስመለስ ቁልፉን አዞርኩ። ዳሽቦርዱ ደብዘዝ ብሎ በራ፣ ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ “ጠቅ” አለና ጭጭ። የገረመኝ ከኋላ ያለው ነው። መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ የውሃ ፓምፑም ይሠራል። ሁለት ባትሪ እንዳላት፣ አንዱ ለሞተሩ፣ አንዱ ከኋላ ላለው መብራትና ፓምፕ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሶላሩ የሚሞላው የኋላውን ብቻ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። የሞተሩ ባትሪ ለአምስት ወር የሚያየው ሰው አላገኘም። በቴስተር (በቮልትና አምፔር መለኪያ) ስለካው 9 ቮልት እንኳ አልሞላም። ሁለት ቀን ሙሉ ቻርጅ አደረግሁት። ሲለካ ሙሉ ይመስላል፤ ሞተር ላስነሳ ስል ወዲያው ይወድቃል። አለቀለት።

እንደዚህ ያለውን የእርሳስ (ሊድ አሲድ) ባትሪ የሚገድለው መቆሙ ሳይሆን ጎድሎ መቆሙ ነው። ቻርጁ ሲወርድ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ጠጣር ነገር ይይዛል። ቶሎ ከሞላኸው ይለቃል፤ ወራት ከቆየ ግን ይጋገርና ቻርጀርም አይመልሰውም። ልኬቱን በቃልህ ያዘው፦ ከቻርጀር ተነቅሎ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ከሆነ ሩቡ ያህል ሄዷል። 12.2 ግማሽ ነው። እኔ 12.4 ላይ ሲደርስ ነው የምሞላው፣ ከዚያ በታች አላስወርድም። ገና ከቻርጀር እንደተነቀለ ከለካኸው ግን ይዋሽሃል፣ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳይህ።

የአሥር ደቂቃውን ነገር ተወው። ሞተሪኖው በአንዴ ብዙ ይመጠምጣል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ የመጨረሻዋን ሃያ በመቶ የሚቀበለው እየተለማመጠ፣ በሰዓታት ነው። ዲናሞው በአሥር ደቂቃ ያን አያደርሰውም። ትርፉ ሞተሩና ጭስ ማውጫው ውስጥ የሚቀር እርጥበት ነው።

“ሁሉንም አጥፍቼ ነበር እኮ፣ ማን ጨረሰው?” ብዬ ስበግን ከረምኩ። በኋላ ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጌ በባትሪው ኔጋቲቭና በኬብሉ መካከል አስገባሁት። (ቴስተሩ እንደዚህ ገብቶ ሳለ ቁልፍ አታዙር፣ የቴስተሩን ፊውዝ ታቃጥለዋለህ።) የመኪናው ኮምፒውተሮች እስኪተኙ ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ። 60 ሚሊ አምፔር! ቁጥሩ ምንም አይመስልም። ግን በቀን ወደ 1.4 አምፔር ሰዓት ይሆናል፣ በወር ከ40 በላይ። 70 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ሁለት ወር ሳይሞላው ባዶ ነው። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል ሬዲዮው ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወደ 20 ወረደ። ቫኗን ከኔ በፊት የነዳት ሰው ነው ያስገባው፣ ሲጠፋም አይተኛም ነበር። የጋዝ ማስጠንቀቂያ፣ ኢንቨርተርና ጂፒኤስ መከታተያም ካሉህ እንደዚሁ ፈትሻቸው። አንዳንዶቹ ዋናውን ማጥፊያ አልፈው በቀጥታ ከባትሪው ነው የሚገናኙት።

ስለዚህ ቫኗ የምትቆምበት ቦታ መብራት ካለ፣ ሲሞላ ራሱ ቮልቱን የሚቀንስ ቻርጀር ግዛና ሰክተህ ሂድ። ተራውን ቻርጀር ግን ለወራት ሰክተህ አትሂድ፣ ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። መብራት ከሌለ መጀመሪያ ጢም አድርገህ ሙላው፣ ከዚያ ኔጋቲቩን ንቀል። ስትነቅል ኔጋቲቭ ይቅደም፣ ስትመልስ ኔጋቲቭ መጨረሻ ይሁን። ፖዘቲቩን ስትፈታ መፍቻው ቦዲውን ቢነካ ብልጭታው አያድርስብህ። የኋላውን ባትሪ የምትነቅል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሶላሩን ፓኔል ከኮንትሮለሩ (የሶላሩን ቻርጅ ከሚቆጣጠረው ሳጥን) ለይ። አዎ፣ በሩን በቁልፍ መክፈት እንደምትችልም ሳትነቅል በፊት ሞክረው። እኔ አንዴ በኋላ መስኮት ገብቻለሁ።

ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ ውሃውን እየው፤ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፣ ያውም ከሞላ በኋላ። ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥ ባትሪ ይጨርሳል የሚሉህን አትስማ፣ ለዛሬ የፕላስቲክ ባትሪ አይሠራም። ሙቀት ነው የሚፈራው፣ በሙቀት ቶሎ ይጎድላል። ቅዝቃዜ ደግሞ ሙሉውን ብዙም አይነካውም፣ ባዶውን ግን አቀዝቅዞ ይሰነጥቀዋል።

የኋላው ሊቲየም ከሆነ ሕጉ ይገለበጣል። ጢም ተደርጎ መቀመጥ አይወድም። ግማሽ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ አድርገህ ነቅለህ ተወው፣ በየሁለት ሦስት ወሩ እየው። ከዜሮ ዲግሪ በታች ግን በጭራሽ ቻርጅ እንዳታደርገው።

ያ ሞተር ሊያስነሳልህ የነበረው ሰውዬ ቴስተር ይዞ በየስድስት ሳምንቱ ይምጣ። ሁለቱንም ይለካና ቁጥሩን ይላክልህ። እስከዚያ የሶላር ኮንትሮለርህን ጀርባ አየት አድርግ፦ የባትሪ መውጫው አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነና ሁለተኛው ባዶ ከሆነ፣ የፊቱን ባትሪ ከዚያ ማገናኘት ይቻል ይሆናል። ፎቶ ላክልን።