በኮተን የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ስለ ክሪስታሎቹ ቀለም
በመጥረጊያ ላይ ተቀምጣ የምትበረው ትንሿ ጠንቋይ ኮተን ተኩሷ ለምን ሳያድግ እንደሚቀርና ከየትኛው ቅጂ መጀመር እንደሚሻል ጠይቀዋል። ጠላቶች የሚጥሉት ክሪስታል በተተኮሰበት ቁጥር ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ ያለማቋረጥ የሚተኩስ ተጫዋች የተኩሱን ኃይል የሚያሳድገውን ልምድ የሚሰጠው ቀለም ሳያስበው ያልፈውና አስማት የሚያስይዘውን ያነሳል። ስለዚህ የሚፈልጉት ቀለም ሲታይ ጣትዎን ከመተኮሻው ያንሱ፤ የጨዋታው እውነተኛ ውበት በእኔ እምነት ይህ የመታገስ ፈተና ነው። ጨዋታውን የጃፓኑ ሳክሰስ በ1991 እ.ኤ.አ. ለመጫወቻ ቤቶች ያወጣው ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ለኒንቴንዶ ስዊች እና ለፕሌይስቴሽን 4 የጨዋታ መሣሪያዎች የወጣው አዲሱ ቅጂ ኮተን ሪቡት ግን የሻርፕ ኤክስ68000 ኮምፒውተርን የቀድሞ ቅጂም ይዟል። የአዲሱ ቅጂ ማያ ገጽ በብርሃንና በነጥብ ስለሚጨናነቅ፣ ክሪስታሎቹን ለይቶ ለመልመድ በቀድሞው እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ።