ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚጠፋ ላፕቶፕ፦ ሙቀቱ የት ላይ ታግዷል?

ጥያቄ፦ በአዳማ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ያለው ሲሆን፣ ያገለገለ ገዝቼው ከሦስት ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። ከጥምቀት በኋላ የነበሩትን ሠርጎች ያለ ችግር ሠርቶልኛል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ሬንደር (ያቀናበርኩትን ወደ አንድ የተጠናቀቀ ቪዲዮ ማውጣት) ስጀምር ማራገቢያው ይጮኻል፣ ጥቂት ቆይቶ ሥራው ይንቀረፈፋል፣ አንዳንድ ጊዜም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። አንዱ ጓደኛዬ ኩሊንግ ፓድ (ከላፕቶፑ ሥር የሚቀመጥ ማራገቢያ ያለው ሰሌዳ) ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ጎሚስታ ወስደህ በኮምፕሬሰር አስነፋው ይላል፤ በረዶ የያዘ ፌስታል ከሥሩ አድርግ ያለኝም አለ። የቱን ልከተል?

መልስ፦ ሦስቱም ምክሮች ማሽኑ ስለጋለ ይቀዝቀዝ ከሚል ሐሳብ የተነሡ ናቸው፤ ሙቀቱ ከተፈጠረበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ አየር እስኪወጣ ድረስ የት ላይ እንደታገደ ግን አንዳቸውም አይጠይቁም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎም ሆነ ብሎን ከመፍታትዎ በፊት ይህን እንዲያውቁ እመክራለሁ፤ ለማወቅም የሚያስፈልግዎ አንድ ነፃ ፕሮግራምና የእጅዎ መዳፍ ብቻ ነው።

ሙቀቱ የሚሄድበት መንገድ አጭር ነው። ከፕሮሰሰሩና ከግራፊክስ ቺፑ ተነሥቶ ቴርማል ፔስት በሚባለው ስስ ቅባት በኩል ወደ መዳብ ሰሌዳ ይሻገራል፤ ከዚያም በውስጡ እጅግ ጥቂት ፈሳሽ በያዘ ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ይጓዛል። ፈሳሹ በጋለው ጫፍ ይተናል፣ በቀዝቃዛው ጫፍ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ በዚህም ሙቀቱን ይዞ ይመላለሳል። በቱቦው መጨረሻ ላይ ስስ የብረት ቅጠሎች የተደረደሩበት ፍርግርግ አለ፤ ማራገቢያው አየር ከታች እየሳበ በዚህ ፍርግርግ ውስጥ ሲያሳልፈው ሙቀቱ በጎን ወይም በኋላ በኩል ይወጣል። በብዙ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ አንድ ቱቦ ይጋራሉ፤ ቪዲዮ ሲያቀናብሩ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ችግሩ ጽሑፍ ሲጽፉ ሳይታይ ሬንደር ላይ ብቻ ቢከሠት አያስደንቅም።

አሁን ወደ መለካቱ እንሂድ። ኤችደብሊው ሞኒተር ወይም ኮር ቴምፕ ከሚባሉት ፕሮግራሞች አንዱን ይጫኑና ማሽኑ ምንም ሳይሠራ የሚያሳየውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከዚያም ሬንደር አስጀምረው የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት ጎን ለጎን ይከታተሉ። አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የተፈቀደላቸው ከፍተኛ ሙቀት ከ95 እስከ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ነው። ወደዚያ ሲቃረቡ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ እርስዎ ሥራው ተንቀረፈፈ የሚሉት ይህንን ነው። ፍጥነት መቀነሱም ካልበቃ ማሽኑ ሳያስታውቅ ኃይሉን ይቆርጣል። እንግዲህ ሬንደር ላይ 80 ወይም 85 ዲግሪ ማየት ለእንዲህ ያለ ማሽን የተለመደ በመሆኑ ሊያስደነግጥዎ አይገባም፤ መመርመር ያለበት ቁጥሩ 95ን ተሻግሮ እዚያው ሲቀር ነው።

ቁጥሩ ከፍ እንዳለ መዳፍዎን አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ፊት ያድርጉ። ከዚህ በላይ የሚናገር መሣሪያ ጥቂት ነው። ማራገቢያው በኃይል እየጮኸ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ ፍርግርጉ በአቧራ ተደፍኗል። አየሩ በርትቶ እየወጣ ለብ ያለ ብቻ ከሆነና ፕሮግራሙ በዚያው ሰዓት 98 ዲግሪ የሚያሳይ ከሆነ፣ ሙቀቱ ገና ከቺፑ አልተሻገረም ማለት ነው፤ ፔስቱ ደርቋል፣ ወይም ከዚህ በፊት የከፈተው ሰው የመዳቡን ሰሌዳ በደንብ አላሰረውም። ያገለገለ ገዝቼው ስላሉ ይህ ሁለተኛው በእርስዎ ማሽን ላይ ሊኖር እንደሚችል አስባለሁ። አየሩ በርትቶም ግሎም የሚወጣ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ማሽኑ የሚያመነጨውን ሙቀት መቀነስ ወይም የክፍሉን አየር ማቀዝቀዝ ይሆናል። ማራገቢያው ጨርሶ ካልተሰማ፣ ወይም የመፋጨት ድምፅ ካለው፣ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ማራገቢያውን ማስቀየር ነው።

ማሽኑ ሲጠፋ የመጨረሻው ቁጥር 80 ዲግሪ አካባቢ ከነበረስ? እንዲህ ከሆነ በሙቀት አይፈረድ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከቻርጀሩ ይገኛል። ዋናው ቻርጀር ተበላሽቶ ከገበያ የተገዛው ምትክ ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ ይወሰዳል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ቢያባዙ ግን 19.5 ቮልት በ3.34 አምፔር የሚሰጠው 65 ዋት ነው፣ የተለየ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ደግሞ 130 ዋትና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። ጉድለቱን ባትሪው ሲሸፍን ይቆይና ባትሪው የደከመ እንደሆነ ማሽኑ ከባድ ሥራ ላይ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ማሽን አሥር ጊዜ ቢያስጠርጉት አይድንም።

ከጥምቀት በኋላ ደህና የነበረው ከፋሲካ ወዲህ ለምን ተበላሸ ለሚለው፣ አንድ ክፍሉ የከተማችን ነው። የቺፑ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት ጋር አብሮ ይወጣል፤ ክፍልዎ 22 ዲግሪ ሳለ ሬንደር ላይ 88 ዲግሪ ይደርስ የነበረ ማሽን፣ ክፍሉ 32 ሲሆን ያንኑ ሥራ ይዞ ወደ 98 ይጠጋል። ብዙ አምራቾች ላፕቶፖቻቸው እስከ 35 ዲግሪ ባለው አየር እንዲሠሩ ነው የሚያዘጋጁት፤ በሚያዝያና በግንቦት ከሰዓት በኋላ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ሰው ይህን ወሰን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ ስድስተኛ በላይ ይሳሳል፤ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደት ያነሰ ነውና የሚሸከመው ሙቀትም ያንሳል። ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙትን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ንፋስም አቧራውን ወደየቤታችን ማምጣቱን አይረሳም። ማሽንዎ ቀድሞም ወሰኑ ጫፍ ላይ ደርሶ የነበረ ይመስለኛል፤ ወቅቱ ሲሞቅ አለፈው።

መዳፍዎ የነገረዎት አቧራ ከሆነ፣ ጎሚስታ የሚለውን ምክር እንዳይከተሉ አጥብቄ እጠይቅዎታለሁ። የጎማ ኮምፕሬሰር አየር በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃና ዘይት ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ግፊቱም ማራገቢያውን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አሽከርክሮ ማሽከርከሪያውን ሊጎዳ፣ አልፎም ወደ ማዘርቦርዱ (ዋናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የማይፈለግ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል። (የጎሚስታ ሙያ ለጎማ ነው፤ ባለሙያዎቹም አይቀየሙኝም።) ከሁሉ በላይ ግን አቧራው በማራገቢያውና በፍርግርጉ መካከል እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ስለሚገኝ፣ ከውጭ የሚነፋ አየር ያንኑ ይበልጥ ያጣብቀዋል እንጂ አያወጣውም። ትክክለኛው አሠራር ማሽኑን አጥፍቶ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ የጀርባ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከማንኛውም ነገር በፊት የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ማላቀቅ ነው። ከዚያም ማራገቢያውን ፈትቶ በማውጣት የተነጠፈውን አቧራ በቀስታ ማንሣት፣ ፍርግርጉን በለስላሳ ብሩሽ መጥረግና ቀሪውን ለኮምፒውተር በተሠራ የእጅ ብሎወር መንፋት ይገባል፤ ማራገቢያው ካልተፈታ ሲነፋ እንዳይዞር በጣት ይያዝ። በአዳማ አቧራ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ማሽን ይህን በዓመት አንድ ጊዜ፣ መስኮቱ ወደ አቧራማ መንገድ ለሚከፈት ቤት ደግሞ በየስድስት ወሩ ማድረግ ይበቃል እላለሁ።

የፔስቱ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከዚህ በፊት ላፕቶፕ ከፍተው የማያውቁ ከሆነም ለባለሙያ ቢሰጡት ይሻላል። ሆኖም ምን እንደሚደረግ ማወቁ ይጠቅምዎታል። የመዳቡ ሰሌዳ ብሎኖች ቁጥር ተጽፎባቸው ከሆነ ሲፈቱ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ሲታሰሩ ከትንሹ ወደ ትልቁ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራሉ፤ ያለ ቅደም ተከተል ከታሰሩ ሰሌዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የደረቀው ፔስት 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። አዲሱ ቺፑን በስሱ የሚሸፍን ያህል ብቻ ይቀባል፤ ሥራው በሁለቱ ገጾች መካከል ያሉትን ጥቃቅን ክፍተቶች መሙላት ስለሆነ ማብዛቱ ሙቀትን የተሻለ አያሻግርም። በግራፊክስ ካርዱ ዙሪያ ባሉት የሜሞሪ ቺፖች ላይ የተለጠፉት ለስላሳ ፓዶች ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ባለው ፓድ ይተኩ፤ በፔስት የሚተካቸው ጠጋኝ ካጋጠመዎት ማሽንዎን መልሰው ይውሰዱ፣ ፔስት ያን ያህል ክፍተት አይሞላምና። በፔስት ፈንታ የሚቀባው ሊኩዊድ ሜታል (ፈሳሽ ብረት) የሚባለውም ይቅርብዎት፤ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየም ከነካም ይበላዋል።

መንገዱ ክፍት ሆኖ ሙቀቱ የበዛ ከሆነ ደግሞ ማሽኑ የሚያመነጨውን መቀነስ ይቻላል። በዊንዶውስ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው በዝርዝር ቅንብሩ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 ቢያወርዱት፣ በብዙ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ እንዲዘል የሚያደርገው ቱርቦ ይጠፋል። ለዚያ ተጨማሪ ፍጥነት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚያስፈልግ የሚቀንሰው ሙቀት ከሚቀንሰው ፍጥነት ይበልጣል። በአንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ይህ ቅንብር ተደብቋል፤ እንዲህ ሲሆን አምራቹ የሰጠውን የኃይል መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከፍተው መካከለኛውን ደረጃ ይምረጡ። በቪዲዮ ፕሮግራምዎ ውስጥም ሃርድዌር ኢንኮዲንግ የሚል ምርጫ ካለ ያብሩት፤ ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ቪዲዮውን ጨምቆ ወደ ፋይል መለወጡን፣ ለዚሁ ሥራ ለተሠራው የቺፕ ክፍል ስለሚሰጠው ፕሮሰሰሩ ይቀልለታል። ረጅሙን ሬንደር ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ከማስኬድ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ቢያስጀምሩት በክፍሉ ሙቀት ብቻ ብዙ ዲግሪ ያተርፋሉ።

ኩሊንግ ፓዱን በተመለከተ፣ አየር ከታች ለሚስቡ ላፕቶፖች ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል፤ የተደፈነ ፍርግርግ ግን አይከፍትም፣ የደረቀ ፔስትም አያርስም። ከመግዛትዎ በፊት የኋለኛውን ጫፍ በሁለት የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ክዳኖች ከፍ አድርገው ያንኑ ሬንደር መልሰው ይለኩ፤ ቁጥሩ በግልጽ ከወረደ ፓዱም ይረዳዎታል ማለት ነው፣ ካልወረደ ገንዘብዎን ለፔስትና ለጽዳት ያውሉት። የጠረጴዛ ልብሱንም ያንሡት፤ አልጋ ላይ ማስቀመጥማ አየር መሳቢያውን ከመዝጋት አይለይም።

በረዶው በፍጹም አይሞከር። አየር ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ በውስጡ ያለው እርጥበት ውሃ ይሆናል፤ የቀዘቀዘው ነገር የላፕቶፕዎ ሆድ ከሆነ ውሃው የሚያርፈው በማዘርቦርዱ ላይ ነው። ለማቀዝቀዝ ብሎ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ያው ነው።

ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ባትሪውንም ይዩት፣ ወይም የሚከፍተውን ባለሙያ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። ሊቲየም ባትሪ ሁልጊዜ ሞልቶ ቻርጀር ላይ እየዋለ ከጋለ ቶሎ ያረጃል፤ አምራቹ ባትሪው ቻርጅ መደረጉን በ80 በመቶ የሚያቆም ቅንብር ከሰጠ ያብሩት። አብጦ ከሆነ፣ ወይም የመዳሰሻ ሰሌዳው ከቦታው ተነሥቶ ከሆነ፣ ማሽኑን ከዚያ በኋላ አያብሩት፤ ባትሪውን ሳይበሱና ሳይጫኑ አስወጥተው በአዲስ ከተኩ በኋላ ብቻ ወደ ሬንደሩ ይመለሱ።